ስትሪፑ ፖዘቲቭ ሆኗል፤ ካላ አዛሩ ተመልሷል ማለት ነው?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ጤና ጣቢያ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው የመጣሁት።

ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ ካላ አዛር ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ የአሸዋ ዝንብ በምታስተላልፈው ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ ነው። የ17 ቀኑን መርፌ ጨርሶ፣ ሰውነቱ ተመልሶ፣ ወደ ሥራው ገብቷል። አሁን ትኩሳት ከጀመረው ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ሆዱን ስዳብሰው ጣፊያው ከግራ ጎድኑ በታች እጄን ነካው። የወባ ምርመራው ኔጋቲቭ ነው። ካላ አዛርን የሚፈልገውን፣ አር ኬ 39 የሚባለውን ፈጣን የስትሪፕ ምርመራ ሠራሁለት። ሁለቱም መስመሮች ቁልጭ ብለው ወጡ፤ ፖዘቲቭ ማለት ነው።

ባልደረባዬ ነገሩ ያለቀለት ነው ባይ ነው። በሽታው አገርሽቷል፣ መርፌው ዛሬውኑ ይጀመር አለኝ። እኔ ግን ልቤ አልቀበል አለ። ያ መርፌ በደፈናው የሚጀመር ነገር አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ ታክሞ የዳነ ሰው ላይ ይህ ስትሪፕ ፖዘቲቭ ሲወጣ ምን ማለት ነው?

ክሩ ካሰብኩት በላይ ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር ምላሾቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ ቃል አስቀምጣቸዋለሁ። የማምንበትንም አብሬ እላለሁ።

ምላሽ 1

ብዙ ዓመት በነርስነት ያገለገሉ እናት ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። መጠራጠሬን ወደዱት። ከሁሉ በፊት ግን ልጁ ኤች አይ ቪ ተመርምሯል ወይ ብለው ጠየቁ። ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠናክራል፤ ካላ አዛሩም እየተመላለሰ ያስቸግራል። በማግስቱ መረመርኩት። ነጻ ነው።

ምላሽ 2

ጤና መኮንን ነው። ከባልደረባዬ ጋር ተስማማ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ ወባ የለም፣ ስትሪፑ ፖዘቲቭ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ነው ነገሩ። ያልታከመ ካላ አዛር ከ100 ሰው ከ95 በላይ እንደሚገድልም አስታወሰኝ። ልክ ነው። በሽታው ባለበት አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ሲመጣ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስትሪፑ ፖዘቲቭ ከሆነ ጣፊያ ሳይወጋ ሕክምናው ይጀመራል። የእኔ በሽተኛ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ አይደለም።

ምላሽ 3

የካላ አዛር ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ሐኪም ናቸው። ጥያቄዬን በቀጥታ መለሱልኝ። ስትሪፑ የሚፈልገው ጥገኛውን አይደለም። ሰውነት ጥገኛውን ሲዋጋ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ በሽተኛው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። እሳት ከጠፋ በኋላ አመዱ እንደሚቀረው ማለት ነው። ስለዚህ ታክሞ የዳነ ሰው ላይ ስትሪፕ መሥራት አዲስ ነገር አይነግረንም። ባይሠራ ይሻል ነበር አሉ፤ ምክንያቱም ውጤቱን ያየ ሰው ሁሉ ወደ መርፌ ይሮጣል። በሽታው አገርሽቷል ለማለት ጥገኛውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ከጣፊያ፣ ከመቅኔ ወይም ከንፍፊት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ይህን ምላሽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለባልደረባዬም አሳየሁት።

ምላሽ 4

የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሥራዋን እንደምትወድ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። በጊምሳ ቀለም የተነከረ ስላይድ ላይ ምን እንደምትፈልግ በዝርዝር ጻፈች። በትልልቅ ነጭ ሴሎች ውስጥ፣ ሴሉ ሲፈነዳም ከውጭ፣ ክብ ወይም ሞላላ የሆኑ ጥቃቅን አካላት ይታያሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ትልቅ ነጥብ አለ፤ ኒውክሊየሱ ነው። ከጎኑ ደግሞ ጠቆር ያለች ትንሽ ዘንግ ትኖራለች፤ ኪኔቶፕላስት ትባላለች። ሁለቱን አንድ ላይ ካላየች አትቆጥረውም። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) እና የቀለም ቅንጣት ስንቱን ሰው አሳስተዋል። ኔጋቲቭ ነው ብላ ከመፈረሟ በፊት 1,000 መስኮች ታያለች፤ መስክ የምትለው በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ቦታ ነው። በ1,000 መስክ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ጥገኛ ከተገኘ 1 ፕላስ ይባላል። በአንድ መስክ ብቻ ከ100 በላይ ከሆነ 6 ፕላስ ነው። ይህ ቁጥር ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለማወቅም ይጠቅማል።

ታሪኩንም ጨመረችበት። ሊሽማን የሚባል ሐኪም እነዚህን አካላት ያየው በካልካታ አጠገብ ዱምዱም ይኖር ከነበረና ከሞተ ወታደር ጣፊያ ውስጥ ነው። ያሳተመው እ.አ.አ. በ1903 ነው። በዚያው ዓመት ዶኖቫን የሚባል ሌላ ሐኪም ማድራስ ውስጥ አያቸው። የጥገኛውን ስም ከሁለቱ አጣምሮ ያወጣው ሮናልድ ሮስ ነው፤ ሊሽማንያ ዶኖቫኒ።

ምላሽ 5

እዚህ ላይ ድምፁ ሻከረ። ጣፊያ በመርፌ መውጋት ሰው መግደል ነው የሚል ሰው መጣ። ወንድሙ ቢሆን በፍጹም እንደማይፈቅድ፣ ይህን የሚመክሩ ሰዎችም በሰው ሕይወት እየተጫወቱ መሆናቸውን ጻፈ።

ምላሽ 6

የምላሽ 3 ሐኪም ናቸው። አልተቆጡም። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ እንዳልሆነ ተቀበሉ፤ ጣፊያ በደም የተሞላ አካል ነው። በለመደ እጅ ሲሠራ ግን ከባድ መድማት የሚያጋጥመው ከ1,000 ሰው አንዱን ያህል ነው። መርፌው ቀጭን ነው፤ ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ፕላትሌቱ ከ40,000 በታች የሆነ፣ ደሙ ቶሎ የማይረጋ፣ ነፍሰ ጡር፣ ጣፊያው በደንብ የማይዳሰስ ሰው አይወጋም። ከተወጋ በኋላም በሽተኛው ተኝቶ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ለሰዓታት ይታያል። ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን እንደምንቀበል በቁጥር አሳዩ። ከጣፊያ የተወሰደ ናሙና ካላ አዛር ካለባቸው 100 ሰዎች 93 እስከ 99 ያህሉን ያገኛል። መቅኔ ከ53 እስከ 86 ነው። ንፍፊት ከ53 እስከ 65።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ጣፊያው ስንት ሴንቲ ሜትር ነበር? አሁንስ ስንት ነው? ይህን ሳያውቁ ስለ ማገርሸት ማውራት እንደማይቻል በትሕትና ግን በጥብቅ ነገሩኝ።

እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። እጄን ነካው ብዬ ነው የጻፍኩት። ልጁን የድሮውን የመውጫ ካርድ አምጣ አልኩት። በማግስቱ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣው። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ሲገባ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ሲወጣ 7 ሴንቲ ሜትር። በጀርባው አስተኛሁት። ጉልበቱን አጥፎ ሆዱን እንዲያላላ ነገርኩት። ከታች ወደ ላይ እየዳበስኩ የጣፊያውን ጫፍ አገኘሁና በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። ከጎድኑ ጠርዝ እስከ ምልክቱ በሜትር ለካሁ። 3 ሴንቲ ሜትር።

ጣፊያው አላደገም። እየቀነሰ የመጣ ጣፊያ ነው የዳሰስኩት። ቁጥሩን ክሩ ላይ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ምላሽ 7

ሌላ ሐኪም ናቸው። ያበጠ ጣፊያ ከዳኑ በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል አሉ። ካላ አዛር ሲያገረሽ ጣፊያው እንደገና ያድጋል፤ የደም መጠኑም እንደገና ይቀንሳል። ስለዚህ ትኩሳቱ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ሲባል መጀመሪያ ቲቢ ነው የሚታሰበው። ያስለዋል ወይ ብለው ጠየቁ።

አልጠየቅኩትም ነበር። ጣፊያውና ስትሪፑ ሐሳቤን ሁሉ ወስደውታል። ስጠይቀው ወር ሆኖኛል አለኝ፤ ጉንፋን መስሎት እንደ በሽታ አልቆጠረውም።

ምላሽ 8

ይህን ምላሽ ማንም እንዳያልፈው እፈልጋለሁ። ሴትየዋ የኤች አይ ቪ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። እስከዚህ ያነበበ ሰው ስትሪፑ ከንቱ ነው ብሎ እንዳይሄድ ሰግታለች። ያጋጠማት የተገላቢጦሽ ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት አንድ በሽተኛ ስትሪፑ ሁለት ጊዜ ኔጋቲቭ ሆኖ፣ ካላ አዛር የለበትም ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። ከሳምንታት በኋላ በሰው ድጋፍ ተመልሶ መጣ። መቅኔው ሲታይ በጥገኛው ተሞልቷል። የተዳከመ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካሉን በበቂ መጠን ስለማይሠራ ስትሪፑ የሚያየው ነገር የለም።

ቦታም ለውጥ አለው። ስትሪፑ በሕንድና በአካባቢዋ ከ100 በሽተኞች 97 ያህሉን ሲያገኝ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሚያገኘው 85 ያህሉን ነው። ከ100 ሰው 15ቱ ያመልጣሉ ማለት ነው። ምልክቱ ካላ አዛር እየመሰለ ስትሪፑ ኔጋቲቭ ከሆነ ዳት የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ ይሠራል፤ አለበለዚያ ናሙና ይወሰዳል።

ሕክምናውም እንደሚለይ ጽፋለች። ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የሚመክረው በደም ሥር የሚሰጠውን አምቢዞምንና የሚዋጠውን ሚልቴፎሲንን በአንድነት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አምቢዞሙ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሆኖ ቀን እየተዘለለ 6 ጊዜ ይሰጣል፤ ሚልቴፎሲኑ 28 ቀን ይዋጣል። የድሮው የአንቲሞኒ መርፌ እነዚህን ሰዎች በብዛት ይገድላቸው ነበር።

ምላሽ 9

ስለ ሊቦ ከምከም ያነሣ ሰው ነበር። እ.አ.አ. በ2005 ካላ አዛር በማይታወቅበት ደጋማ ቦታ ብዙ ሰው በትኩሳት ወደቀ። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው። ካላ አዛር መሆኑ እስኪታወቅ ጊዜ አለፈ። ቆላ ወርደው የሚሠሩ ሰዎች በሽታውን ይዘውት ሳይመለሱ እንዳልቀረ ይታሰባል። የዚህ ሰው ምክር አጭር ነው። የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለውን ሰው የት የት እንደነበረ ጠይቁት።

ምላሽ 10 እና 11

እዚህ ወሬው ትንሽ ሳተ። አንዱ ፊቱ ላይ ለወራት ያልዳነ ቁስል አለብኝ፣ ቁንጭር ነው ይሉኛል፣ ይህ ስትሪፕ ይሠራልኝ ወይ አለ። ተከታዩ፣ በሽታዎቹን አደባልቆ ክሩን አበላሸ ብሎ ቆጣ ተናገረው። እኔ ጥያቄው የሚያስቆጣ አልመሰለኝም። ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሊሽማንያ ናቸው፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ቁንጭርን የሚያመጣው ዝርያ ግን ሌላ ነው። ደጋ ላይ ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚመጣው ሊሽማንያ ኤትዮፒካ ይባላል። ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ጣፊያ ውስጥ አይገባም። ስትሪፑም ለእሱ አይሆንም። ከቁስሉ ጠርዝ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ወንድሜ፣ ቁስሉን በአሲድም በቅጠልም ሳትነካካ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ።

ምላሽ 12፣ 13 እና 14

አንድ ሰው ወንድሙ ካላ አዛር እንደያዘው ጽፎ መርፌውን ከየት መግዛት እንደሚችል ጠየቀ። ቤት ውስጥ የሚወጋለት ጎረቤት አለው። ምላሽ 13 በቁጣ ጀመረ፤ ከቁጣው ሥር ያለው ግን ትክክለኛ ነገር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ዋናው ሕክምና ከ2010 እ.አ.አ. ጀምሮ ስቲቦግሉኮኔት (የአንቲሞኒው መርፌ) እና ፓሮሞማይሲን አብረው ለ17 ቀን ነው። በቀን ሁለት መርፌ ነው፤ ሲደመር 34። ስቲቦግሉኮኔት የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል፤ በኢሲጂ (የልብ ምት መመርመሪያ) መታየት አለበት። ቆሽትንም ያቆስላል፤ ሆዱን አጥብቆ የሚያመው፣ የሚያስመልሰው በሽተኛ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ፓሮሞማይሲን ጆሮ ይጎዳል። ይህን ጎረቤት አያየውም።

ምላሽ 14 ደግሞ ሰውየውን ሰደበው። እዚህ ላይ ገባሁ። ወንድሙ የታመመበትን ሰው መስደብ አይገባም አልኩ። የሚታከምበትን ሆስፒታል በግል መልእክት እንነግረዋለን። ነገርነውም። 14ም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚሁ ተያይዞ የምላሽ 3 ሐኪም ተስፋ የሚሰጥ ነገር ጨመሩ። በ4 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተሠርቶ እ.አ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ሚልቴፎሲንና ፓሮሞማይሲን ለ14 ቀን ሲሰጡ ከድሮው እኩል፣ ወደ 91 በመቶ እንደሚያድኑ አሳይቷል። አንዱ መርፌ በሚዋጥ መድኃኒት ተተካ። ሚልቴፎሲን ግን ፅንስ ይጎዳል። ልትወልድ በምትችል ሴት ላይ ያለ እርግዝና መከላከያ አይጀመርም። በሕንድ አንድ ጊዜ በሚሰጥ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም አምቢዞም የሚድን በሽታ እዚህ ቀጠና ውስጥ ለምን ብዙ እንደሚጠይቅ የተጠየቁትም እሳቸው ናቸው። የበሽታው ጠባይ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ፣ የአንዱን አገር መጠን ለሌላው መገልበጥ በሽተኛን እንደሚጎዳ ነው የመለሱት።

ምላሽ 15

ከካላ አዛር የዳነች እህቱ ከአራት ወር በኋላ ፊቷ ላይ ሽፍታ ወጥቶባት፣ ቤተሰቡ የመድኃኒት አለርጂ መስሎት እንደነበር የጻፈ ሰው ነው። ከካላ አዛር በኋላ የሚመጣው ይህ የቆዳ ሽፍታ ፒኬዲኤል ይባላል። ሱዳን ውስጥ ከታከሙት እስከ ግማሽ የሚደርሱት ያጋጥማቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ። ብዙው በራሱ ይጠፋል። ሕንድ ውስጥ ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ ሕክምናም ይፈልጋል። ሰውየው ራሱ ደህና ሆኖ ሳለ ጥገኛው ቆዳው ላይ ስላለ የአሸዋ ዝንብ ከእሱ ወስዳ ለሌላው ልታደርስ ትችላለች። የእኔን ልጅ ቆዳም እንዳየው መከረኝ። አየሁት፤ ንጹሕ ነው።

ምላሽ 16 እና 17

16 ስለ እንቅልፍ በሽታ ጠየቀ፤ እሱን የሚያመጣው ጥገኛ የካላ አዛሩ ጥገኛ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ያችኑ ኪኔቶፕላስት ይዟል። ለብቻው ክር ይገባዋል ተባብለን አለፍነው። 17 ስለ መከላከል ነው። የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም። በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር፣ በሌላ ቦታ ደግሞ በኩይሳ ውስጥ ትውላለች። የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ አጎበር ያለ መድኃኒት አያግዳትም። ባንግላዴሽ እ.አ.አ. በ2023 በሽታውን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ያጠፋች የመጀመሪያ አገር ሆናለች። እዚያ ጥገኛው የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ነው። ቤት መርጨት፣ በሽተኛን ቶሎ ማግኘትና ማከም ያመጡት ውጤት ነው።

ምላሽ 18

የምላሽ 2 ጤና መኮንን ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ተቆጥቶ ነው። ናሙና የሚወስዱ ሆስፒታሎች ሁለት ቀን መንገድ የሚርቁበት ቦታ እንደሚሠራ ጻፈ። ሪፈር ተጽፎለት መንገድ ላይ የሞተ በሽተኛ ነበረው። በማይክሮስኮፕ ይታይ ማለት ማይክሮስኮፕ አጠገቡ ላለ ሰው ቀላል ነው አለ። ይህን ሳነብ ዝም አልኩ። ቁጣው እውነት አለው። የምላሽ 3 ሐኪምም አልተከራከሩትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚታመመው ስትሪፑ የተሠራው በትክክል ለእሱ ዓይነት ቦታ ነው አሉ። ታክሞ ለተመለሰው ግን እዚያው በእጁ ያሉትን ሦስት ነገሮች እንዲሠራ ለመኑት። የድሮውን ካርድ ይጠይቅ። ጣፊያውን በሜትር ይለካ። አክታ ይላክ። ያንን ካደረገ በኋላ የሚጽፈው ሪፈር የሚያስፈልገው ሰው ጋ ይደርሳል፤ በባዶ ሁለት ቀን የሚጓዘውም ይቀንሳል።

ምላሽ 19

ይህ የእኔ ነው። የልጁ አክታ ቲቢን በሚለየው ማሽን፣ በጂን ኤክስፐርት ታየ። ቲቢ ነው። ሁለቱ በሽታዎች አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ ሆስፒታሉ መቅኔውንም አይቷል፤ ጣፊያው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ አልወጉትም። ሊሽማንያ አልተገኘም። የቲቢ መድኃኒት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ለቀቀው። በስትሪፑ ብቻ ተነሥተን ቢሆን ኖሮ 34 መርፌ ወግተን፣ ሳንባውን ለቲቢው ትተነው ነበር።

ምላሽ 20

ከጤና መኮንኑ ነው። ሁለት መስመር ብቻ። ደስ እንዳለው፣ ከነገ ጀምሮም የሚያየውን ጣፊያ ሁሉ እየለካ ካርድ ላይ እንደሚጽፍ ነው ያሳወቀው።

ትናንት ልጁ ለክትትል መጣ። አስተኝቼ ለካሁት። ቀጣዩ ባለሙያ እንዲያገኘው ከካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩለት፤ ጣፊያ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ከቀኑ ጋር።